ብቻውን ዱባይ ለሚሄድ ሰው ተቀባይ ግዴታ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደሴና በኮምቦልቻ የጉዞ ጉዳይ የምናስፈጽም ሰዎች ነን። ዕቃ አይቶ ለመመለስ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ወይም አገር ለማየት ብቻውን ወደ ዱባይ የሚነሳ ሰው ትኬት ሊቆርጥ ሲመጣ ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፤ «እዚያ ማን ይቀበለኛል?» መልሳችንን ሌላውም ሰው እንዲሰማው በጋዜጣችሁ ለመስጠት ፈለግን። ማንም ባይቀበላችሁ ምንም አትሆኑም። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚበላሹት በተቀባዩ ሰበብ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ተቀባዩ ሠራተኛ ነውና ፈቃድ እስኪያገኝ ኤርፖርት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይመጣል። ከዚያ እሱ ባመቻቸው ቤት ማደር፣ እሱ በሚያውቀው ሱቅ መግዛት፣ እሱ ሲመቸው መውጣት። ሰውየው ደላላ ከሆነ ደግሞ «እኔ ጋ ይቀመጥልህ» ብሎ ፓስፖርት ይቀበላል፤ ጣጣው የሚጀምረው ያኔ ነው።

ይህን የምንጽፈው በጉብኝት ቪዛ ለሚሄዱ ነው። ለሥራ የሚሄዱ ወገኖቻችን መንገዳቸው ሌላ ነው፤ በሕጋዊ የሥራ ስምሪት፣ ውል ይዘው ነው መሄድ ያለባቸው። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ መሥራት የተከለከለ ነው። «ግባና እዚያ እንቀይርልሃለን» የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ከቤት ሳትወጡ የሚያልቀው ሥራ ከሁሉም ይበልጣል። ቪዛው እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የፓስፖርቱን ቁጥር፣ ቀጥሎ ስማችሁን፣ ቀጥሎ የልደት ቀናችሁን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። መሐመድ፣ ኡመር፣ ዘይነብ፣ ሐሰን በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ የላቸውም፤ ቪዛውን የሞላው ሰው በለመደው መንገድ ይጽፈዋል፣ ፓስፖርቱ ላይ ግን ሌላ ነው። ይህ ደሴ እያላችሁ በቀላሉ ይታረማል፤ ቦሌ ከደረሳችሁ በኋላ ግን የሚያርመው አይገኝም። ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል መሆኑንም እዩ። ቪዛውን፣ የመመለሻ ትኬቱንና የሆቴሉን ማረጋገጫ በወረቀት አሳትሙ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። የኪስ ገንዘባችሁን ከባንክ ስትወስዱ የሚሰጣችሁን ደረሰኝ ከዶላሩ ጋር ያዙት።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚሳሳትበት ወደ ቀንና ሰዓት እንምጣ። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። በእኛ ልማድ ሌሊቱ ያለፈው ቀን ነው፤ በእነሱ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ አዲስ ቀን ይገባል። ትኬቱ «ኖቬምበር 15፣ 00:40» ካለ አውሮፕላኑ የሚነሳው ኖቬምበር 14 ቀን አምሽታችሁ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ስላለ በ14ኛው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ላይ ቦሌ ናችሁ። በ2018 ዓ.ም. ከሆነ ይህ ኅዳር 5 ቀን ምሽት ነው። «15 ቀን ሌሊት ነው» ብሎ በ15 ማታ ሻንጣውን እየጎተተ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ምንም አልቀረው። ትኬቱም በአብዛኛው እንደቀረ ሰው ተቆጥሮ ይቃጠላል ወይም ቅጣት ይከፈልበታል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ የሚነሳ በረራ ካላችሁ፣ መነሻውን በአማርኛ፣ በእኛ ቀን፣ «ማታ» ብላችሁ በእጃችሁ ትኬቱ ላይ ጻፉ።

ሰዓቱን በተመለከተ ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ስልካችሁ ላይ 15:00 ካያችሁ፣ 6 ስትቀንሱ የዱባዩን 9 ሰዓት፣ 7 ስትቀንሱ የደሴውን 8 ሰዓት ታገኛላችሁ። ቤተሰብ ስትደውሉ ሁለተኛውን ያዙ።

የቪዛው ቀን አቆጣጠር ላይ ደግሞ የእኛ ካላንደር ይረዳል። ወራችን ሁልጊዜ 30 ቀን ነው። የ30 ቀን ቪዛ ይዞ ኅዳር 6 የገባ ሰው 30ኛ ቀኑ ታኅሣሥ 5 ነው፤ ጳጉሜን መሐል ካልገባች በቀር ሒሳቡ እንዲሁ ነው። ለመጨረሻዋ ቀን ግን አታድርጉት፤ በረራ ሊሰረዝ ይችላል። ያለፈ እያንዳንዱ ቀን 50 ድርሃም ያስቀጣል።

ሻንጣ ውስጥ የማይገባውን በግልጽ እንናገር፤ በወሎ ይህ በተለይ መነገር አለበት። ጫት በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች አደገኛ ዕፅ ነው። እርጥብም ይሁን ደረቅ፣ ለራስም ይሁን ለሰው፣ «ትንሽ ነው» የሚባል ነገር የለም፤ እስር ነው። ከመድኃኒትም ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው በቁጥጥር ሥር ናቸው፤ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ያዙ፣ ከመሄዳችሁ በፊትም ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑን ጠይቁ። «ለእህቴ አድርስልኝ» ተብሎ የተሰጣችሁን ጥቅል ደግሞ ሰጪው ፊት ፈታችሁ፣ ዕቃ በዕቃ አይታችሁ፣ ራሳችሁ መልሳችሁ አሽጉት። ቅር ካለው ይቅር። ሻንጣው ስማችሁ የተለጠፈበት እስከሆነ ድረስ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ሁልጊዜ በታሰበው ሰዓት አያደርስም። በመኪና የምትሄዱ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ተነሱ። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ብትሄዱም የዚያኑ ዕለት ወደ ዱባይ የሚቀጥል በረራ አትያዙ፣ በተለይ ሁለቱ ትኬቶች ለየብቻ የተቆረጡ ከሆነ። የመጀመሪያው ቢዘገይ የሁለተኛው አየር መንገድ አይጠብቃችሁም።

ልብስም ያሳስታል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዱባይ ባሕሩ ዳር ናት። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ወበቁም ከባድ ነው። ምርጫ ካላችሁ ከኅዳር እስከ የካቲት ሂዱ። በሙቀቱ ወራት የምትሄዱ ከረፋዱ 5 እስከ 10 ሰዓት በእግር አትዙሩ፣ ውሃ ከእጃችሁ አይለይ። ስስ ሹራብ ግን በየትኛውም ወቅት ያስፈልጋል፤ ባቡሩና የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ የደሴን ሰው ሳይቀር ያንቀጠቅጣል። የኤሌክትሪክ ሶኬታቸው ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ያለው ነው፤ የእኛ ክብ ሹል መሰኪያ አይገባበትም። ማስማሚያውን ከዚሁ ገዝታችሁ ሂዱ፤ ካልሆነ በመጀመሪያው ሌሊት ስልካችሁ ይዘጋል፣ የሆቴሉ አድራሻም እዚያው ውስጥ ነው።

ከአውሮፕላን ስትወርዱ ያረፋችሁበትን ተርሚናል እወቁ። ተርሚናል 1 እና 3 ከከተማው ባቡር፣ ከሜትሮው ጋር በእግር ይገናኛሉ፤ ተርሚናል 2 ሜትሮ የለውም፣ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ነው። ሜትሮው ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይሠራል። ዓርብ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ያመሻል፣ እሑድ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት አይጀምርም። ሌሊት የደረሰ ሰው እስኪነጋ ኤርፖርቱ ውስጥ ቢቀመጥ ማንም አይነካውም፤ መብራት፣ ሽንት ቤት፣ መስገጃ፣ ነፃ ዋይፋይ አለ። ሆቴሎችም በአብዛኛው ክፍል የሚያስረክቡት ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ መቸኮሉ ትርፍ የለውም። የደከመው በታክሲ ይሂድ። ሕጋዊው ታክሲ ገላው ክሬም ቀለም ነው፣ ጣሪያው ብቻ እንደ ኩባንያው ይለያያል። ሮዝ ጣሪያ ያለው ሴቶች የሚነዱት፣ ለሴቶችና ለቤተሰብ የተመደበ ነው፤ ብቻዋን ለምትሄድ እህት ጥሩ ምርጫ ነው። ከኤርፖርት ሲነሳ ቆጣሪው ከ25 ድርሃም ይጀምራል። አዳራሹ ውስጥ ቀርቦ «ታክሲ ነው?» የሚላችሁን አልፋችሁ ተራው ወዳለበት ውጡ።

ኤርፖርት ላይ የሚመነዘረው ለመጓጓዣና ለምግብ የሚበቃ ብቻ ይሁን። የድርሃም ዋጋ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዶላር 3.6725። ስለዚህ 100 ዶላር ሲመነዘር ከ367 ድርሃም አካባቢ ብዙ መራቅ የለበትም። 340 የሚላችሁ ካለ ቀሪውን እየወሰደ ነውና ዴራ በሚባለው የድሮ የገበያ ሰፈር ውስጥ ካሉት ምንዛሪ ቤቶች ወደ አንዱ ሂዱ። የተቀደደ፣ ቀለም የነካው ወይም የተጻፈበት ዶላር ግን እዚያም ይመለሳል።

ቀጥሎ የኖል ካርድ ነው። ሜትሮው፣ አውቶቡሱና ትራሙ የሚከፈሉት በዚህ ካርድ ነው። መስኮቱ ላይ «ሲልቨር» ብላችሁ ጠይቁ፤ 25 ድርሃም ነው፣ ከዚህ ውስጥ 19ኙ ለጉዞ የምትጠቀሙበት ነው። ቀዩ የወረቀት ትኬት 2 ድርሃም ስለሆነ ርካሽ ይመስላል፣ በእያንዳንዱ ጉዞ ግን አንድ ድርሃም ይጨምራል። ከተማዋ በዞን የተከፋፈለች ናት። በሲልቨር ካርድ በአንድ ዞን ውስጥ 3፣ ሁለት አጎራባች ዞን 5፣ ከዚያ በላይ 7.5 ድርሃም ነው። ስትገቡ ብቻ ሳይሆን ስትወጡም ካርዱን ማስነካት አትርሱ። ሜትሮው ላይ በሩ ስለማይከፍት መርሳት አይቻልም፤ አውቶቡስ ላይ ግን ሰው ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ማሽኑም ትልቁን ሒሳብ ይቆርጣል። ከባቡር ወደ አውቶቡስ ስትቀይሩ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ እንደ አንድ ጉዞ ይቆጠራል። ሻንጣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ነው የሚፈቀደው።

ከተርሚናል 1 ቀዩ መስመር ላይ ትሳፈራላችሁ። ከመግባታችሁ በፊት ሰሌዳው ላይ የመጨረሻውን ጣቢያ አንብቡ፤ «ሴንተርፖይንት» የሚል ከሆነ ከከተማው መሐል የሚያርቃችሁ አቅጣጫ ነው። በትክክለኛው አቅጣጫ አል ገርሁድ፣ ዴራ ሲቲ ሴንተር፣ አል ሪጋ እያለ አራተኛው ዩኒየን ነው። ዩኒየን ላይ ወርዳችሁ ወደ አረንጓዴው መስመር ስትቀይሩ የሚቀጥለው ባኒያስ ስኩዌር ነው፣ ዴራ ውስጥ ናይፍ በሚባለው ሰፈር ለሚያርፍ ቅርቡ እሱ ነው። ቀጥሎ ጎልድ ሱቅ፣ ከዚያ አል ራስ። በመድረሳ ቁርኣን የቀራ ሰው እንግሊዝኛ ባያውቅ እንኳ አይቸገር፤ ሰሌዳው ሁሉ በዐረብኛም ተጽፏል። ከቀድሞ የዱባይ ነዋሪ ምክር የምትሰሙ ግን ይህን እወቁ፦ የጣቢያ ስሞች ይቀየራሉ። እሱ «ራሺዲያ» የሚለው ዛሬ ሴንተርፖይንት ነው፣ «ፓልም ዴራ» የነበረው ጎልድ ሱቅ ሆኗል። የድሮውን ስም ይዞ ካርታ ላይ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

ባቡሩ ውስጥ ወለሉ ላይ ሮዝ መስመር ካያችሁ ከዚያ ወዲያ የሴቶችና የሕፃናት ክፍል ነው። ወንድ ቢቆምበት 100 ድርሃም ይቀጣል፣ እግሩ መስመሩን ማለፉ ይበቃል። መብላት፣ መጠጣት፣ ማስቲካ ማኘክም 100 ድርሃም ነው። መንገድ መሻገር ደግሞ የእኛ ሰው በብዛት የሚያዝበት ነው። ፒያሳ ላይ በባጃጆች መሐል እንደምንሻገረው እዚያ ብትሞክሩ 400 ድርሃም ቅጣት አለው፤ አስፋልቱም ሰፊ፣ መኪናውም ፈጣን ነው። የዜብራውን መብራት ጠብቁ።

ማደሪያን በተመለከተ ለአዲስ ሰው ዴራ ይሻላል፤ ገበያው፣ ምግቡ፣ ሜትሮው በእግር ይደረሳል፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤትም ይገኛል። ፈቃድ ያለው ሆቴል ያዙ። ከተከራዩት ዋጋ ሌላ በየሌሊቱ ከ7 እስከ 20 ድርሃም እንደ ሆቴሉ ደረጃ የሚከፈል የቱሪዝም ክፍያ አለ፣ መያዣም ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ማጭበርበር አይደለም። «ቤድ ስፔስ» የሚባለው፣ አንድ ክፍል በጣውላና በመጋረጃ ተከፋፍሎ ብዙ ሰው የሚያድርበት ግን በማዘጋጃ ቤት የተከለከለ ነው። ፍተሻ ሲመጣ ጎብኚውም ሌሊት መንገድ ላይ ይቀራል። ሆቴል ሲገቡ ፓስፖርቱን ኮፒ አድርገው ወዲያው ይመልሳሉ፤ ካልመለሱ ቆማችሁ ተቀበሉ። ከዚያ በሩ ላይ ሂዱና «መካኒ» የተጻፈበትን ትንሽ ሰሌዳ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። 10 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው፣ የዚያ በር አድራሻ ነው። የጠፋው ሰው ለታክሲ ነጂ ቁጥሩን ብቻ ቢያሳይ በሩ ድረስ ያመጣዋል። የሆቴሉ ስም ብቻውን አይበቃም፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን የእግር ቀን ይሁን፣ ምንም አትግዙ። ከባኒያስ ስኩዌር ተነስታችሁ ናይፍን፣ ሰብኻን፣ የቅመሙንና የወርቁን ገበያ እያያችሁ ከተማዋን ለሁለት እስከሚከፍለው የባሕር ሰርጥ፣ እስከ ክሪኩ ዳር ውረዱ። ዋጋ ብቻ ጠይቁ፣ ጻፉ። አንድ ዓይነት ዕቃ ሦስት አራት ሱቅ ጠይቃችሁ ካልጻፋችሁ የመጀመሪያው ሻጭ የጠራው ዋጋ እውነት ይመስላችኋል። ወርቅ ላይ የግራሙ ዋጋ የቀኑ ተመን ነው፣ በካራቱ ተለይቶ ተለጥፎ ታዩታላችሁ፤ አትከራከሩበት። ክርክሩ የእጅ ሥራው ዋጋ ላይ ነው፤ እሱን ለብቻው አስጽፉ። «ሰዓት አለ፣ ቦርሳ አለ፣ ወደ ላይ ና» እያለ በጠባብ ደረጃ የሚወስዳችሁን ሰው አትከተሉ፤ ዕቃው የውሸት ነው፣ ሳይገዙ መውጣትም አስቸጋሪ ነው።

ክሪኩን በአብራ ተሻገሩ። በእንጨት ጀልባ አንድ ድርሃም ነው፣ ሳንቲሙን ለነጂው በእጁ ትሰጡታላችሁ። በዚህ ዋጋ ዱባይ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አታገኙም። ማዶ ቡር ዱባይ ነው፤ በ1787 የተሠራው የአል ፋሂዲ ምሽግና የነፋስ ማማ ያላቸው የድሮ ቤቶች እዚያ ናቸው። ሰዎችን፣ በተለይ ሴቶችን፣ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፤ በሕግ ያስጠይቃል።

በሁለተኛው ቀን ትልቁን ሕንፃ ማየት ነው። ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ነው፣ በጃንዋሪ 2010 ተከፈተ። ከሜትሮው ጣቢያ ሕንፃው አጠገብ እስካለው ገበያ ማዕከል፣ እስከ ዱባይ ሞል ያለው የተሸፈነ መተላለፊያ ረጅም ስለሆነ የሚመች ጫማ አድርጉ። ከሥር ሆኖ ማየት በነፃ ነው።

መግዛት የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ከ250 ድርሃም በላይ ስትገዙ «ታክስ ፍሪ» ብላችሁ ፓስፖርቱን አሳዩ፤ ዋጋው ውስጥ ያለው 5 በመቶ ታክስ አብዛኛው ኤርፖርት ላይ ይመለሳል። ሻንጣው ከመመዘኑ በፊት ዕቃውን ማስመዝገብ ግን ግድ ነው፤ ሻንጣው ከገባ በኋላ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። የማይመልስ ሱቅም ስላለ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

በዋትስአፕ መደወል እዚያ አይሠራም፤ ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ይሠራል። ብዙ ቤተሰብ ደሴ ሆኖ «ስልኩ አይነሳም» ብሎ የሚጨነቀው በዚህ ነው። ሳትሄዱ ቦቲም የሚባለውን የመደወያ መተግበሪያ በራሳችሁም በቤተሰብም ስልክ ላይ ጫኑ፣ ወይም በድምፅ መልእክት ተስማሙ። ፖሊስ 999፣ አምቡላንስ 998 ነው። ፓስፖርት ከጠፋ መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ወረቀት አውጡ፣ ከዚያ ዱባይ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ነው፤ ኤምባሲው አቡ ዳቢ ነው። የፓስፖርቱ ኮፒ ለብቻ ቦርሳ ውስጥ ካለ ሥራው ይቀላል።

በመጨረሻ ለሥራ ባልደረቦቻችን አንድ ጥያቄ አለን። በደሴም በኮምቦልቻም ቪዛና ትኬት የምታስረክቡ ሁሉ፣ ወረቀቱን ስትሰጡ ሦስት ነገር በአማርኛ ጻፉበት፦ ቦሌ የሚደረስበትን ቀንና ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ ከዱባይ የሚወጣበትን የመጨረሻ ቀን፣ የሚያርፍበትን ተርሚናል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ደንበኞችም ካልተጻፈላችሁ ወንበሩን ሳትለቁ አስጽፉ።

ከአክብሮት ጋር
የጉዞ ጉዳይ አስፈጻሚዎች፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ